ከ«ነጋቲቭ» በኋላ፦ ሥር ለሰደደ ሳል በስልክ የሚሰጥ የቡድን የባህርይ ሕክምና

አስተያየት

መግቢያ

በአንድ የጤና ተቋም የተግባር ልምምድ በማደርግበት ወቅት በተመላላሽ ታካሚዎች መጠበቂያ ክፍል ያየሁት ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኖኛል። አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩ አንዲት እናት ደረቅ ሳል ይዟቸው ደጋግመው ሲያስሉ፣ አጠገባቸው የነበሩት ሰዎች አንድ በአንድ ፈቀቅ አሉ፤ አንዱም ተነሥቶ መስኮት ከፈተ። እናትየዋ ማንም ሳይጠይቃቸው ከቦርሳቸው የታጠፈ ወረቀት አውጥተው «ነጋቲቭ ነው፤ ሁለት ጊዜ ተመርምሬአለሁ» አሉ። ወረቀቱ ከመታየት ብዛት መታጠፊያው ላይ ሊበጠስ ደርሶ ነበር። በዚያ ዕለት ይዘው የወጡትም ቀደም ሲል ሦስት ጊዜ የወሰዱትን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትና የሳል ሽሮፕ ነው።

የሳንባ ነቀርሳ ወይም ቲቢ የለብዎትም መባል ትልቅ የምሥራች ነው። ነገር ግን ሳሉ አልቆመም። የጤና ሥርዓታችን ለሚያስል ሰው ያዘጋጀው ጥያቄ በአብዛኛው «ቲቢ ነው ወይስ አይደለም?» የሚል በመሆኑ፣ መልሱ «አይደለም» ከሆነ በኋላ የሚሄዱበት መንገድ ጠባብ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እነዚህን ሰዎች ነው። የሳላቸው መንስኤ በአግባቡ ተፈልጎ፣ የተገኘውም ታክሞ ሳላቸው ላልለቀቃቸው ሰዎች ሳልን የመግታት የባህርይ ሕክምና በአነስተኛ ቡድን፣ በስልክ እንዲሰጥና ውጤቱም በጥናት እንዲፈተሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሐሳቡ አንድ ከባድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ቲቢ በተስፋፋበት ሀገር ሳል የማንቂያ ደወል ስለሆነ፣ ደወሉን ዝም እንዲያሰኝ ሰው የምናሠለጥን ከሆነ ከማንም በላይ የማዳመጥ ግዴታ የሚኖርብን እኛ ነን።

ምርመራው ያልመለሰው ሳል

በአዋቂዎች ላይ ከ3 ሳምንት በታች የሚቆይ ሳል ድንገተኛ፣ ከ3 እስከ 8 ሳምንት የሚዘልቀው መካከለኛ፣ ከ8 ሳምንት በላይ የሆነው ደግሞ ሥር የሰደደ ሳል ይባላል። ከልዩ ልዩ ሀገራት የተሰበሰቡ ጥናቶችን አጠቃሎ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ትንተና እንደሚያሳየው ሥር የሰደደ ሳል ከአዋቂዎች 9.6 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ ይታያል። በዚሁ ትንተና የኦሺያኒያ አኃዝ 18.1 በመቶ ሲሆን የአፍሪካ ግን 2.3 በመቶ ብቻ ነው። ይህን አኃዝ አፍሪካውያን ብዙ አያስሉም ብሎ መተርጎም ይቻላል። በእኔ አመለካከት ግን በአህጉራችን ሳል የሚፈለገው በአብዛኛው ቲቢን ለማግኘት በመሆኑ፣ ቲቢ ያልሆነው ሳል ሳይቆጠር የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቲቢ ካልሆነ ምን ሊሆን ይችላል? አስም፣ የአፍንጫና የሳይነስ መቆጣት፣ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚመለስ አሲድ፣ ሲጋራ ማጨስና የማብሰያ ጭስ ዋና ዋናዎቹ ናቸው። አንዳንዴ ሳሉ የሚመጣው ከራሱ ከመድኃኒቱ ነው። ለደም ግፊትና ለልብ ድካም የሚታዘዘው ኢናላፕሪልና የእርሱ ወገን የሆኑ መድኃኒቶች በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ደረቅ ሳል ያስከትላሉ። ሐኪሙ መድኃኒቱን በሌላ ሲለውጠው ሳሉ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠፋል፤ አልፎ አልፎ ግን እስከ 3 ወር ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ «ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?» የሚለው ቀላል ጥያቄ ከብዙ ሽሮፕ የበለጠ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ ተፈትሾ፣ የተገኘውም ታክሞ ሳሉ የሚቀጥልባቸው ሰዎች አሉ። በእነዚህ ታካሚዎች ላይ ችግሩ ሳንባ ውስጥ ከተደበቀ ሕመም ይልቅ ሳልን በሚያስነሡት ነርቮች ላይ እንደሆነ ዛሬ በስፋት ተቀባይነት አግኝቷል። ከማንቁርትና ከአየር ቧንቧ ስሜትን ወደ አንጎል የሚያደርሰው ቬገስ የተባለው ነርቭ፣ ብዙ ጊዜ ከጉንፋን መሰል ሕመም በኋላ፣ ከልክ በላይ ንቁ ይሆናል። ለእሳት ተብሎ የተሰቀለ ደወል ነፋስ ሲነካውም እንደሚጮህ፣ ጉሮሮም ለሽቶ፣ ለቀዝቃዛ አየር፣ ለሣቅ፣ ረዘም ላለ ንግግር፣ ለሚታመስ በርበሬ ሽታ ሁሉ በሳል መልስ ይሰጣል። እያንዳንዱ ሳል ደግሞ ማንቁርትን መልሶ ያስቆጣዋል፤ የተቆጣው ማንቁርትም ለሚቀጥለው ሳል ይበልጥ የተዘጋጀ ይሆናል።

ጉዳቱ ከጉሮሮ ማሳከክ ያልፋል። ኃይለኛ ሳል እንቅልፍ ይነሣል፤ አንዳንዶችን ራሳቸውን እስኪስቱ ያደርሳል፤ የጎድን አጥንት ሊሰነጥቅ ይችላል። በውጭ ሀገር የሳል ክሊኒኮች ከሚታከሙት አብዛኞቹ ሴቶች ሲሆኑ፣ ብዙዎቹ በሚያስሉበት ጊዜ ሽንት ያመልጣቸዋል። በእኛ ዘንድ ይህን ለሐኪም እንኳ መናገር ከባድ ነው። ቅዳሴ መቆም፣ ለቅሶ ቤት መቀመጥ፣ ታክሲ ውስጥ መሳፈር ሁሉ ያሳቅቃል።

ሕክምናው ምንድን ነው?

ሳል እንደ ልብ ምት ሙሉ በሙሉ ከፈቃዳችን ውጭ አይደለም። በጸጥታ ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች ሳሉን ይዞ የቆየ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የባህርይ ሕክምናው የሚሠራው ከዚህች ጠባብ የፈቃድ በር ነው። በዋናነት የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎች ያዳበሩት ሲሆን አራት ክፍሎች አሉት።

የመጀመሪያው ትምህርት ነው። ታካሚው ሳሉ ከነርቭ መቆጣት እንደሚመጣ፣ በየጊዜው ማሳል ጉሮሮን «ማጽዳት» ሳይሆን ማስቆጣት መሆኑን ይረዳል። ሁለተኛው ሳልን የመግቻ ዘዴዎች ናቸው። የማሳከክ ስሜቱ ገና ሲጀምር፣ ሳሉ ሳይቀድም፣ ምራቅ መዋጥ ወይም ውኃ መጎንጨት፤ ትከሻን አላልቶ አየርን በአፍንጫ በለሆሳስ መሳብና በጠበቡ ከንፈሮች ቀስ ብሎ ማውጣት ይለማመዳል። ልምምዱ ሳል በሌለበት ሰዓት በቀን ደጋግሞ ይሠራል፤ በጭንቅ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይቻልምና። ሦስተኛው የማንቁርት እንክብካቤ ሲሆን፣ በቂ ውኃ መጠጣትን፣ ጉሮሮን እየጠረጉ ከመናገር መቆጠብን፣ በአፍ ሳይሆን በአፍንጫ መተንፈስን፣ ጭስን መሸሽን ይጨምራል። አራተኛው ምክር ነው። ታካሚው ሳሉ በእርሱ ላይ የሚደርስ ነገር ብቻ ሳይሆን እርሱም ሊለውጠው የሚችለው ነገር መሆኑን እንዲቀበል ይረዳዋል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ቀጠሮዎች ይበቃሉ።

ሕክምናው በጥብቅ ጥናት ተፈትኗል። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት በሌላ ሕክምና ያልዳኑ 87 ታካሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ይህን ሕክምና፣ ለሌላው ስለ ጤናማ አኗኗር ትምህርት ሰጠ። ሕክምናውን ካገኙት 88 በመቶ፣ ትምህርቱን ብቻ ካገኙት ደግሞ 14 በመቶ ውጤታማ ተብለው ተመዘገቡ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ 75 ታካሚዎችን ይዞ በበርካታ ሆስፒታሎች የተካሄደ ሌላ ጥናት፣ በመሣሪያ የተቆጠረው የሳል ብዛት ከማነጻጸሪያው ቡድን ጋር ሲተያይ በ41 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። በዚህ ሁለተኛ ጥናት ሕክምናውን የሰጡት የንግግር ሕክምና ባለሙያዎች ብቻ ሳይሆኑ ፊዚዮቴራፒስቶችም ነበሩ፤ ይህ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው ስለሆነ እመለስበታለሁ።

መድኃኒት ይደርስልናል ብሎ መጠበቅስ? ለዚሁ ሳል ተብሎ የተሠራው ጌፋፒክሳንት እ.ኤ.አ. በ2022 በጃፓን፣ በ2023 ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት ፈቃድ ሲያገኝ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ግን በታኅሣሥ 2023 ሳይቀበለው ቀርቷል። ዋናው የጎንዮሽ ጉዳቱም የምግብ ጣዕምን ማበላሸት ነው። በበለጸጉት ሀገራት እንኳ ገና አከራካሪ የሆነ መድኃኒት ወደ ጤና ጣቢያዎቻችን እስኪደርስ መጠበቅ ታካሚን በተስፋ ማቆየት ነው። የባህርይ ሕክምና በአንጻሩ ከውጭ የሚገባ ዕቃ አያስፈልገውም፤ የሚያስፈልገው የሠለጠነ ሰውና ጊዜ ነው።

ለምን በቡድን?

ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ሕክምናውን የሰጡት ለአንድ ታካሚ በአንድ ባለሙያ፣ ፊት ለፊት ነው። ታዲያ ለምን በቡድን? የመጀመሪያው ምክንያት የባለሙያ እጥረት ነው። አምስት ታካሚዎችን ለየብቻ፣ ለእያንዳንዳቸው አራት ጊዜ፣ በየ45 ደቂቃው ማየት የአንድን ባለሙያ 15 ሰዓት ይወስዳል። አምስቱን በአንድ ላይ አራት ጊዜ ለአንድ አንድ ሰዓት ማግኘት ግን 4 ሰዓት ብቻ ነው። በሀገራችን የንግግርና ቋንቋ ሕክምና ባለሙያዎች እጅግ ጥቂት በመሆናቸው ይህ ስሌት ቀላል አይደለም።

ይሁን እንጂ ቡድንን በርካሽነቱ ብቻ መደገፍ ስሕተት ይመስለኛል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባላችን መናገርን ያበረታታል፤ ማኅበራዊ ኑሯችን ግን የሚያስልን ሰው መደበቅን ያስተምረዋል። ወረቀት ታጥቀው የሚዞሩት እናት የሚያስፈልጋቸው የጉሮሮ ልምምድ ብቻ አይደለም። «እኔም እንደ እርስዎ ነኝ፤ እኔም ነጋቲቭ ነኝ፤ እኔም ከሰንበቴ ቀርቻለሁ» የሚል ድምፅ መስማት ያስፈልጋቸዋል። ይህን ደግሞ የቱንም ያህል ቅን ቢሆን ባለሙያ ሊሰጣቸው አይችልም፤ ሊሰጣቸው የሚችለው ሌላ የሚያስል ሰው ነው።

ቡድኑ ዕውቀትም ያመነጫል። ከውጭ የተዘጋጁ መመሪያዎች «ቡና ቀንሱ፣ ውኃ ተጎንጩ» ይላሉ። በአቦል፣ ቶናና በረካ በሚሰባሰብ ሰፈር ቡና መቀነስ ማለት ከጎረቤት መራቅ ሊሆን ይችላል። ምናልባት የሚጎዳው ከስኒው ይልቅ የሚቆላው ቡና ጭስና ዕጣኑ ይሆናል፤ ከሆነም መፍትሔው መቀመጫን ከረከቦቱና ከማጨሻው አርቆ ወደ በሩ ማድረግ ነው። ውኃ መጎንጨት በጾም ሰዓት፣ በረመዳን ቀንም ሆነ ከቅዳሴ በፊት፣ አይቻልም። በእነዚህ ሰዓታት በአፍንጫ መተንፈስና ምራቅ መዋጥ ቀዳሚዎቹ ዘዴዎች ይሆናሉ። በርበሬ የምታምስ ሴት፣ እንጀራ ጋጋሪ፣ ቀኑን ሙሉ የሚናገር መምህር፣ እያንዳንዳቸው ለሌላው የሚያካፍሉት ከየኑሯቸው የተገኘ ብልሃት አላቸው።

ለምን በስልክ?

እዚህ ላይ አንባቢ «ታዲያ ለምን በአንድ ክፍል አይሰበሰቡም?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። መልሱ በሀገራችን የቲቢ ሁኔታ ውስጥ ይገኛል። ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅት ከፍተኛ የቲቢ ጫና አለባቸው ብሎ ከዘረዘራቸው 30 ሀገራት አንዷ ናት። በዚህ ሁኔታ የሚያስሉ ሰዎችን በአንድ ክፍል ሰብስቦ ለአንድ ሰዓት ማስተንፈስ፣ ሁሉም አስቀድመው የተመረመሩ ቢሆኑም እንኳ፣ ጥበብ የጎደለው ነው። ምርመራ አንዳንዴ ይስታልና። ስለዚህ ስልክ ሕክምናውን የሚያሳንስ ምትክ ሳይሆን ቡድን መሥራትን የሚያስችለው ነገር ነው።

ምስል ያለው ጥሪ ቢኖር የትከሻንና የአንገትን አያያዝ ለማየት ይረዳ ነበር። ነገር ግን የኢንተርኔት ጥራቱና ዋጋው ብዙዎችን ያስቀራል። በተለመደው የሞባይል ሥርዓት አንድ ደዋይ እስከ 5 ሰዎች በአንድ ጥሪ ማገናኘት ስለሚችል፣ ቴክኒኩ ራሱ ለአነስተኛ ቡድን የተመቸ ነው። ተራ የእጅ ስልክ ይበቃል። ዘመናዊ ስልክ ላላቸው ደግሞ የልምምዱን ድምፅ ቀርጾ በቴሌግራም መላክ ይቻላል። በድምፅ ብቻ የሚጠፋውን ለማካካስ የመጀመሪያው ቀጠሮ በአካልና በግል እንዲሆን፣ አተነፋፈሱም በዚያ ዕለት በባለሙያ ፊት እንዲታይ ሐሳብ አቀርባለሁ። የጥሪው ወጪ በታካሚው ላይ መውደቅ የለበትም፤ ደዋዩ ተቋሙ ሊሆን ይገባል።

ከባዱ ተቃውሞ

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሣ የሚችለው ጠንካራ ተቃውሞ የሕዝብ ጤና ተቃውሞ ነው። ለብዙ ዓመታት «ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የሚያስል ሰው ወደ ጤና ተቋም ይሂድ» ስንል ቆይተናል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ይህን መልእክት ከቤት ቤት አድርሰዋል። አሁን ደግሞ «ሳልን መግታት ይቻላል» ብንል ሁለቱ መልእክቶች አይጋጩምን? ቲቢ ያለበት ሰው ሳሉን መያዝ ተምሮ ቤቱ ቢቀመጥ ጉዳቱ ለእርሱም ለቤተሰቡም ነው።

ይህ ተቃውሞ እውነት አለው፤ ስለዚህ ሕክምናው ለሕዝብ በሬዲዮ የሚነገር ምክር ሊሆን አይገባም። የሚሰጠው በር አልፎ ለገባ ሰው ብቻ መሆን አለበት። በሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል። አክታ በጂን ኤክስፐርት ይመረመራል፤ የደረት ራጅ ይታያል፤ የኤች.አይ.ቪ. ሁኔታ ይታወቃል። የሚወሰዱ መድኃኒቶች ይፈተሻሉ። አስም፣ የአሲድ መመለስና የሳይነስ ችግር ካለ በቅድሚያ ይታከማል። አክታ የበዛበት ሳል፣ ለምሳሌ ከቲቢ በኋላ የተጎዳ ሳንባ ያለው ሰው ሳል፣ መገታት ስለሌለበት ከዚህ ሕክምና ውጭ ይሆናል፤ የዚያ ሰው ሳል ሳንባውን የሚያጸዳለት ሠራተኛ ነውና።

በሩ ብቻውን ግን አይበቃም። ጂን ኤክስፐርት እጅግ ጠቃሚ ምርመራ ቢሆንም የሳንባ ቲቢ ካለባቸው ሰዎች 85 በመቶ ገደማ የሚሆኑትን ነው የሚያገኘው። በማይክሮስኮፕ ባክቴሪያው ያልታየባቸውን ለብቻ ስንወስድ ደግሞ አኃዙ ወደ 67 በመቶ ዝቅ ይላል። ስለዚህ አንድ «ነጋቲቭ» የመጨረሻ ቃል አይደለም። ከበሩ በተጨማሪ ጆሮ ያስፈልጋል።

ጆሮ የምለው ይህን ነው። ባለሙያው ከእያንዳንዱ የቡድን ጥሪ በፊት ለእያንዳንዱ ታካሚ ለየብቻ ደውሎ ለሁለት ደቂቃ ይጠይቃል፦ ደም ያለበት አክታ ታይቷል? ክብደት ቀንሷል? ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ አለ? ትንፋሽ ያጥራል? ድምፅ ሻክሮ ቆይቷል? መዋጥ ያስቸግራል? ከነዚህ አንዱ «አዎ» ከሆነ ታካሚው በዚያው ሳምንት ወደ ሐኪም ይመለሳል፤ አክታውም እንደገና ይመረመራል። ጥያቄዎቹ በቡድን ፊት አይጠየቁም፤ ኀፍረት መልስ ያስለውጣልና።

አሁን ንጽጽሩን እናድርግ። ዛሬ «ነጋቲቭ» ተብሎ ሽሮፕ ይዞ የወጣን ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ደውሎ የሚጠይቀው ማን አለ? በዚህ አሠራር ግን ታካሚው በተከታታይ ሳምንታት አራት ጊዜ ይጠየቃል። በመሆኑም በአግባቡ የተዘጋጀ የሳል ቡድን ደወሉን ከማፈን ይልቅ በተሻለ የሚሰማበት ቦታ ሊሆን ይችላል። ይህ ሚዛን ካልተጠበቀ፣ ማለትም ልምምዱ ተወስዶ ጥያቄዎቹ ከተተዉ፣ እኔ ራሴ የሐሳቡ ተቃዋሚ እሆናለሁ።

ሌሎች ጥያቄዎች

ሕክምናውን ማን ይሰጣል? የእንግሊዙ ጥናት እንዳሳየው ሥራው ለአንድ ሙያ ብቻ የተከለለ አይደለም። ፊዚዮቴራፒስቶች፣ የሥነ ልቦና ባለሙያዎችና በቲቢ ክፍል የሚሠሩ ነርሶች ሊሠለጥኑበት ይችላሉ። በተለይ የቲቢ ክፍል ነርሶች አደገኛ ምልክቶችን በየቀኑ የሚጠይቁ ስለሆኑ ለ«ጆሮው» ከማንም በላይ የቀረቡ ናቸው። የንግግር ሕክምና ባለሙያው ሚና ማሠልጠን፣ መቆጣጠርና የከበዱትን ታካሚዎች መቀበል ይሆናል።

ስልክ ሁሉም ዘንድ አለ? የለም፤ ባለበት ቤትም ብዙ ጊዜ የሚይዘው ባል ወይም ልጅ ነው። ቀጠሮው ሴቲቱ ስልኩን ይዛ ብቻዋን ልትነጋገር በምትችልበት ሰዓት መሆን አለበት፤ ካልተቻለም ጥሪውን በጤና ጣቢያ ለብቻ በተለየ ክፍል እንድትከታተል ሊመቻች ይገባል። በቡድኑ ውስጥ ሙሉ ስም መጠራት የለበትም፤ ጥሪውም ያለ ሁሉም ፈቃድ አይቀረጽም።

ጭሱስ? በማገዶና በኩበት በምታበስል ቤት ውስጥ ያለችን እናት «ጉሮሮሽን አሠልጥኚ» ብሎ መሸኘት በደል ሊሆን ይችላል። ጉሮሮን ማሠልጠን ኩሽናን አያጸዳም። ሕክምናው የተሻለ ምድጃንና አየር የሚያስገባ ማብሰያ ቤትን የሚተካ ሆኖ ከቀረበ፣ የኑሮን ችግር የታካሚዋ ጥፋት አድርጎ ማየት ይሆናል። ሁለቱ ጎን ለጎን መሄድ አለባቸው።

በቡድንና በስልክ መሆኑስ ውጤቱን አይቀንሰውም? ይህ በክርክር ሳይሆን በጥናት የሚመለስ ነው። ለዩኒቨርሲቲያችን የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የሚመጥን ሥራ የሚኖረውም እዚህ ላይ ነው። በመጀመሪያ አሠራሩ የሚቻል መሆኑን የሚያይ አነስተኛ ጥናት፣ ቀጥሎም በዕጣ ለሁለት የሚከፍል ጥናት ሊደረግ ይገባል። የማነጻጸሪያው ወገንም በስልክ በቡድን ተሰባስቦ፣ በእኩል ሰዓት፣ አጠቃላይ የጤና ትምህርት ብቻ ቢያገኝ የአብሮነቱን ጥቅም ከልምምዱ ጥቅም ለይቶ ማየት ይቻላል። ለውጡን ለመለካት 19 ጥያቄዎች ያሉትና ከ3 እስከ 21 ነጥብ የሚሰጠው የሌስተር የሳል መጠይቅ አለ፤ በእርሱ የ1.3 ነጥብ ለውጥ ለታካሚው ትርጉም ያለው ሆኖ ይቆጠራል። መጠይቁ በአማርኛ ሲሠራበት ቃላቱ መተርጎማቸው ብቻ ሳይሆን ትርጉሙ ለታካሚዎቻችን በትክክል መድረሱ ሊፈተሽ ይገባል። ከሳል መቀነስ እኩል መመዝገብ ያለበት ግን ሌላ ቁጥር ነው፦ ስንቶች በጥያቄዎቹ ምክንያት ወደ ሐኪም ተመለሱ? ከእነርሱስ ስንቶቹ ላይ ቲቢ ወይም ሌላ ከባድ ሕመም ተገኘ? ይህ ቁጥር ያልተካተተበት የጥናት ሪፖርት በሀገራችን ሁኔታ የተሟላ ሊባል አይችልም።

ማጠቃለያ

ሥር የሰደደ ሳል ሰውን ቶሎ የማይገድል፣ ነገር ግን ከሰው የሚለይ ሕመም ነው። ለዚህ ሕመም በጥናት የተደገፈ፣ መድኃኒት የማይፈልግ ሕክምና አለ፤ በአነስተኛ ቡድን ቢሰጥ የባለሙያ እጥረትንም ኀፍረትንም ሊያቃልል ይችላል፤ ስልክ ደግሞ ቡድኑን ከመተላለፊያ አደጋ ይጠብቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን በሩ ጠባብ፣ ጆሮውም ንቁ ሲሆን ብቻ ነው።

በመግቢያው የጠቀስኳቸው እናት ይዘውት የሚዞሩት ወረቀት የሌለባቸውን በሽታ ይናገራል፤ ያለባቸውን ግን አይናገርም። ማናችንም በዚያ ክፍል ለነበርን ሰዎች ያን ወረቀት ማሳየት አይገባቸውም ነበር። የሚገባቸው ሳላቸው ስም እንዳለው፣ ሊሻሻል እንደሚችል፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ስለ እርሱ የሚጠይቃቸው ሰው እንዳለ መስማት ነበር። ይህን ለማድረግ ከሚያስፈልገን አብዛኛው በእጃችን ያለ ይመስለኛል፤ የቀረው መጀመርና በጥንቃቄ መመዘን ነው።